ከክርስቶስ ልደት በፊት የተወለደው ካርፕ

ትርስካ መንደር የሚደረሰው በዓይን ሳይሆን በአፍንጫ ነው። የመንገድ ምልክቱን ዝገት ከበላው ቆይቷል፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ መንገድ የሳተ ሰው የለም። ከስትሩሚጻ ከተማ የሚመጣ ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አንድ ጊዜ አየር ሳብ ያደርጋል፤ ዓይኑ እንባ ካቀረረ ደርሷል ማለት ነው። ሽመላዎች እንኳ በዚያ ሰማይ የሚያልፉት ትንፋሻቸውን ውጠው ነው። አንዷ ረስታ ተንፍሳ ፖስታ ቤቱ ጣሪያ ላይ ዱብ ስትል በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ራኪያ የሚሉት አረቄ ከተቀዳላቸው ይመሰክራሉ።

ዶክተር ሩመና ፓስኮቫ መስኮቱን አልከፈተችም። ሃያ ዓመት ሙሉ ከዋና ከተማው ከስኮፕዬ እየተመላለሰች የመንደሩን ሐይቅ ጭቃ ያነበበች ሴት ናት። ያነበበች የሚለው ቃል ለማጋነን የገባ አይደለም። ሐይቅ ማለት ምንም የማይጥል ቆጥቋጣ ሽማግሌ ነው፤ የወደቀበትን ሁሉ እግሩ ሥር ያስቀምጣል። የጥድ ብናኝ፣ የተቃጠለ ጫካ ጥላሸት፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ በዓይን የማይታዩ የውሃ ደቂቆች፣ ሁሉም በየዓመቱ ስስ ንጣፍ እየሆነ ይደራረባል። ረጅም ቱቦ ወደ ታች ሰክቶ ያንን ድርብርብ ሳያናጋ ማውጣት የቻለ ሰው፣ ዝናብ የጠፋበትን፣ ሐይቁ የሸሸበትን፣ ሰው መጥቶ ጫካውን የመነጠረበትን ዘመን እንደ መጽሐፍ ገልጦ ያያል። ከባልካን እስከ ኡራል ተራራ በዚህ ሥራ ከሩመና ፊት የሚቆም አልተወለደም፤ ከኡራል ወዲያ ያሉትም ቢሆኑ እስኪ ይምጡና እንያቸው።

ችግሩ መጽሐፉ በየቦታው አለመገኘቱ ነው። በሐይቁ ዳር ዳር ማዕበሉ፣ ዓሣውና የጀልባው መልሕቅ ጭቃውን ሲያማስሉት ኖረው ገጹን ሁሉ ደባልቀውታል። ሳይነካ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ጥቁር ወሽመጥ የሚሉት፣ ከመንደሩ ሆቴል ጀርባ በሸምበቆ የተከበበው ጥልቅ ጥግ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የመንደሩ ምክር ቤት ተሰብስቦ፣ ሆቴሉ የዚያን ወሽመጥ ጭቃ በፓምፕ እየመጠጠ "የፈውስ ጭቃ" ብሎ እንዲሸጥ ሊፈቅድ ነው። ፓምፑ ከገባ የሺህ ዓመታት ድርብርብ በአንድ ሳምንት ሾርባ ይሆናል። ሌላ ወሽመጥ የለም። ሩመና የመጣችው ለዚህ ነው።

መኪናዋን ያቆመችው ሰማያዊ ዕንቁ ሆቴል በር ላይ ነው። የሰማያዊነቱ ነገር ይቅር፤ ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር እንደ ከረመ የአተር ሾርባ አረንጓዴ ነበር። ከሆቴሉ ጀርባ የበሬ አንገት የሚያክል ቧንቧ ወጥቶ ወሽመጡ አፍ ላይ ያስመልሳል። ያስመልሳል ነው፤ ፈሰሰ ለማለት ወግ ይጠይቃል። ጮማ፣ የቲማቲም ልጣጭ፣ የሽንት ቤት ወረቀት፣ አንዳንዴም ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ሁሉም በግራጫ አረፋ ላይ እየተንሳፈፈ ወደ ሸምበቆው ይሄዳል። ሩመና አንዴ ካየችው በኋላ ዓይኗን ማንሳት አቃታት። የሚያስጠላ ነገር እንዲህ ነው፤ ከቆንጆ ይልቅ እሱ ይይዛል።

ከቧንቧው ትንሽ እልፍ ብሎ በርሜሎች ተደርድረዋል። በየበርሜሉ አንድ አንድ አገር ጎብኚ እስከ አንገቱ ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። የሆቴሉ ባለቤት እናት፣ እትዬ ፓራስኬቫ፣ በጀልባ መቅዘፊያ ጭቃውን እያማሰለች ላቬንደር የሚሉትን ሽቱ አበባ ትነሰንስበታለች።

"እሰይ፣ ዶክተርዬ መጣች!" አለች መቅዘፊያውን ሳትለቅ። "ነይ ግቢ፣ ላንቺ በነጻ ነው። ጉልበትሽን ያምሽ የለ?"

"እኔን የሚያመኝ አፍንጫዬ ነው፣ እትዬ።"

"እሱንም ነከር ብታደርጊው ይለቅሻል።"

"ይሄ ጭቃ ከየት ነው የተቀዳው?"

"ከሐይቁ ነዋ! ከሰማይ ይወርዳል ብለሽ ነው?"

"ከሐይቁ የት?"

ፓራስኬቫ መልስ ከመስጠት ይልቅ አንዱን ጎብኚ ጭንቅላቱን ይዛ ወደ ታች ደፈቅ አደረገችው። "አንገትህ ደረቀ፣ የኔ ጌታ" አለችው።

ሩመና ወደ በርሜሉ ጠጋ አለች። በእሷ ሙያ አንድ የማያምር ልማድ አለ። ጭቃ ንጹሕ ልም ነው ወይስ አሸዋ አለበት የሚለውን ጣት በደንብ አያውቅም፤ ጥርስ ግን ያውቃል። ስለዚህ የጭቃ ሰዎች ከጥፍር የማትበልጥ ቆንጥረው በፊት ጥርሳቸው መሃል ያሻሉ። ቀጭ ቀጭ ካለ የዳር ጭቃ ነው፤ እንደ ቅቤ ከተንሸራተተ ከጥልቁ ውሃ ሥር የወጣ ነው። ሩመና ይህን ያላደረገችበት ሐይቅ የለም። የሚጸየፋትን ሁሉ "ምላሴ ከላቦራቶሪ ይፈጥናል" ትለዋለች። አሁን ግን፣ ቧንቧውን በዓይኗ እያየች፣ ጣቷን በርሜሉ ጠርዝ ላይ አቆመች።

ማወቅ ግን ነበረባት። ቆነጠረች፤ ጥርሷ መሃል አስገባች።

ቅቤ ነው። አንድ ፍሬ አሸዋ የለበትም። ከቅቤው በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ፤ የበሰበሰ እንቁላል፣ የእቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ከስንት ጊዜ በፊት የተጠበሰ የቋሊማ ጮማ። ፈቃድ ሳይጠብቁ ወሽመጡን መቆፈር ጀምረዋል ማለት ነው።

ትፍ ልትል ስትዞር ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች። ጥርሷ አልነበረም። የሆቴሉ ባለቤት ስፓሴ ስልኩን አንሥቶ ፎቶ አንሥቷታል።

"እዩልኝ!" ብሎ ጮኸ ስፓሴ። ድምፁ ከሐይቁ ማዶ የግሪክ ውሾችን ያስጮኻል። "የስኮፕዬ ዶክተር በላችው! እኛ እንቀባዋለን፣ የተማረ ይበላዋል!"

"አልበላሁትም! እየመረመርኩት ነው!"

"ዶክተር፣ በአፍ የገባ ነገር ሁሉ በእኛ አገር ተበላ ነው የሚባለው።"

"ልተፋው ነበር እኮ!"

"ሳይተፉት ነው ያነሣሁዎት፤ ይሄው።"

ሩመና ተፋች፣ በውሃ ተጉመጠመጠች፣ በራኪያ ተጉመጠመጠች፣ ደግማ ተፋች። ምን ዋጋ አለው? ምሳ ሳይደርስ ፎቶው ከትርስካ አልፎ የቫርዳርን ወንዝ ተሻግሮ ነበር። ከበርሜል የወጡት ጎብኚዎች ማንኪያ ይጠይቁ ጀመር። ከኩማኖቮ የመጣ አንድ ጢማም ሰውዬ ቀይ በርበሬ ነስንሶበት ሦስት ማንኪያ ሲውጥ አይታ፣ ሩመና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የመመገቢያ አዳራሹ ውስጥ የቀድሞ መምህሯ ፕሮፌሰር ሜቶዲያ ተቀምጦ አገኘችው። ይህ ሰው ስለ ጭቃ የማያውቀው ነገር ቢኖር እግዚአብሔር ራሱ ያልወሰነው ብቻ ነው። ከጡረታ ወዲህ ግን ማንም የፈለገውን ወረቀት ይፈርማል፤ ክፍያው የበግ ጥብስ ነው። ስሙ ሲጠራ ከቫርዳር ወዲህ ያሉ በጎች ይርበደበዳሉ። አሁንም አንድ ሙሉ ወርች ፊቱ ቀርቦለት፣ አገጩ በጮማ አብረቅርቆ ነበር።

"ነይ ቁጭ በይ፣ ሩሜ ልጄ። ጭቃ በላሽ አሉ። ቁርስ ሳይበሉ መውጣት ጥሩ አይደለም።"

"ጭቃው የሁለት ሺህ ዓመት ዕድሜ አለው ብለው ፈርመዋል?"

"ላቦራቶሪው ነው ያለው። እኔ ላቦራቶሪው እንዲህ አለ ብዬ ነው የፈረምኩት።"

"ከወሽመጡ ወለል ላይ ላዩን የተዛቀ ጭቃ እኮ ነው! ከላይ ያለው የዘንድሮ ነው! ውስጡ የዘንድሮ ሽንት ቤት ወረቀት አለበት!"

"የሮማ ዘመን ወረቀት ይሆናላ" አለና አጥንቱን መጠጠ።

"ፕሮፌሰር፣ የኖራ ድንጋዩን ነገር ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት!"

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ሐይቁ የሚገባው ምንጭ የሚፈልቀው ከኖራ ድንጋይ ተራራ ሥር ነው። ድንጋዩ ዕድሜው በሚሊዮን የሚቆጠር ነው፤ ውሃው እያሟሟ ያረጀ ካርቦኑን ወደ ሐይቁ ያመጣል። ሸምበቆው ያንን ይጠጣል፣ ቀንድ አውጣው ከዚያ ቅርፊቱን ይሠራል፣ ዓሣው ቀንድ አውጣውን ይበላል። ዕድሜ በካርቦን የሚለካው መሣሪያ ደግሞ ያረጀ ካርቦን ያየ እንደሆነ ያረጀ ነገር ነው ይላል። ትናንት የተወለደውን ቀንድ አውጣ "ሽማግሌ" ብሎ ይጽፍለታል። ይህን የማያውቅ የሐይቅ ተመራማሪ፣ ባሕር ጨው እንዳለው የማያውቅ መርከበኛ ነው።

"አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በዚህ ስህተት ቢገኝ እርስዎ ራስዎ በር ያሳዩት ነበር" አለችው ሩመና።

"የአንደኛ ዓመት ተማሪ ጡረታ የለበትም" አላት፤ ከወርቹም ትንሽ ቆርሶ ገፋ አደረገላት። እጁን፣ ጮማውን፣ ጥፍሩ ሥር የገባውን ቆሻሻ አየች። ከበርሜሉ ጭቃ ይልቅ ይሄኛው አቅለሸለሻት።

ስብሰባው እዚያው አዳራሽ ተደረገ፤ ምክር ቤቱ የራሱ አዳራሽ ቢኖረውም እዚያ ጥብስ የለም። ከንቲባው ፓንዶ በሆዱ ጠረጴዛውን ገፍቶ መሃል ተቀመጠ። ከጎኑ ስፓሴ፣ ከስፓሴ ቀጥሎ የደብሩ ቄስ አባ ክሊመንት፣ ከዚያ ሌሎቹ፤ ፕሮፌሰሩም ወርቹን ሳይጨርስ እዚያው። በመስኮቱ በኩል ፓምፑ በጀልባ ላይ ተጭኖ ይታያል፤ አፉ እንደ ትልቅ አልቅት ወደ ወሽመጡ ተደፍቷል። ድምፅ ከተሰጠ ነገ ጠዋት ሥራ ይጀምራል።

"በሕጉ መሠረት የሳይንስ ሰው ሳይናገር አንወስንም" አለ ከንቲባው። "ዶክተር፣ ይናገሩ። በአጭሩ ቢሆን፤ ጥብሱ ይበርዳል።"

ሩመና በአጭሩ አልተናገረችም። ወሽመጡ ውስጥ ምን እንዳለ ነገረቻቸው፤ ሐይቁ እስከ ግማሹ የደረቀባቸውን ዘመናት፣ ደኑ የነደደባቸውን፣ ውሃው እስከ ታች ድረስ ጠጠሩን የሚያሳይ መስታወት የነበረባቸውን። አባቶቻቸው በየትኛው ዘመን ስንዴ እንደዘሩ ከብናኙ እንደምታውቅ ነገረቻቸው። መጪው ድርቅ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ የፈለገ፣ ያለፈውን እዚያ ካላየ የትም እንደማያይ ነገረቻቸው። እንዲህ ያለ ንግግር በፓሪስ ቢደረግ ሰው ወንበር ላይ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። በትርስካ አባ ክሊመንት አንቀላፉ።

"አሁን ደግሞ ከላይ ያለው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ" አለች ትዕግሥቷ አልቆ። "ከላይ ያለው የዚህ ሆቴል ሽንት ቤት ነው። በርሜል ውስጥ ያስቀመጣችኋቸው ሰዎች የተቀመጡት ከትናንት ወዲያ በበሉት እራት ውስጥ ነው!"

"እንግዶች እየሰሙ!" ብሎ ተነሣ ስፓሴ። "ነውር የለም እንዴ? ደግሞ ራሷ በልታዋለች!"

"ፎቶው አለ" አለ ከንቲባው በሐዘን።

"ጭቃው የሁለት ሺህ ዓመት ነው፤ ፕሮፌሰሩ ፈርመዋል" አለ ስፓሴ። "ከፕሮፌሰር ትበልጫለሽ?"

ያን ጊዜ ሩመና ያላትን የመጨረሻ ጥይት ተኮሰች።

"እሺ። ባለፈው ግንቦት ከዚሁ ወደብ አንድ ካርፕ ዓሣ ገዛሁ። በሕይወት ያለ፣ ባልዲ ውስጥ እየተወራጨ ፊቴን ውሃ የረጨ ካርፕ። አጥንቱን ጭቃችሁን ለለካው ለዚያው ላቦራቶሪ ላክሁት። ስንት አሉኝ መሰላችሁ? ሁለት ሺህ አንድ መቶ ዓመት! ዓሣው ከጭቃው በመቶ ዓመት ይበልጣል! እንግዲህ ወይ ቁጥሩ የኖራ ድንጋዩ ተንኮል ነው፣ ወይ ያ ካርፕ ከክርስቶስ ልደት በፊት ተወልዶ እኔን ሲጠብቅ ነበር!"

ሳቅ ጠበቀች። ሳቅ ባይመጣ እፍረት ይመጣል ብላ ጠበቀች። በአዳራሹ ዝንብ እንኳ ክንፏን ሰበሰበች።

"ከክርስቶስ ልደት በፊት?" አለ ከንቲባው ቀስ ብሎ።

"አዎ! አያችሁ ምን ያህል የማይረባ…"

"ከክርስቶስ ልደት በፊት!" ስፓሴ ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ። "እማዬ! እማዬ፣ ነይ ስሚ! ዓሣችን ከጌታ ይበልጣል!"

አባ ክሊመንት ነቁ። "ማነው ከጌታ የሚበልጠው?" ብለው ተቆጡ።

"ካርፑ፣ አባታችን። በዕድሜ ብቻ።"

ቄሱ ጺማቸውን እያሻሹ አሰቡ። አስበው አስበው፣ "እንግዲያው ጾም ሳይደነገግ የተወለደ ነው" አሉ። "ሕጉ እሱን አያገኘውም። ዓቢይ ጾምም ቢሆን ይበላል።"

አዳራሹ ተናወጠ። ጭብጨባው መስኮቱን አርገፈገፈው፤ ጣሪያው ላይ የነበሩ ርግቦች ቡልጋሪያ ድረስ ሸሹ። እትዬ ፓራስኬቫ መቅዘፊያዋን እንደያዘች ገብታ፣ እስካሁን በርካሽ የሸጠችውን ካርፕ እያሰበች ደረቷን ትመታ ጀመር።

"ዕድሜው የውሸት ነው እኮ!" ጮኸች ሩመና። "ስሙኝ እንጂ! ትንሽ ዓሣ ነበር! ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው!"

ከንቲባው እጁን አነሣ። "ፕሮፌሰር፣ ዶክተሯ የተናገረችው ቁጥር ትክክል ነው?"

ሜቶዲያ አፉን ጠረገ። ቁጥሩ ውሸት ነው ቢል የራሱም ፊርማ ውሸት ይሆናል። ሩመናን አያት፣ ወርቹን አየ።

"ቁጥሩ ትክክል ነው" አለ።

"ቁጥሩ ትክክል ከሆነ ሌላው ዝርዝር ነው" አለ ከንቲባው። "ስፓሴ፣ እንግዲህ ጭቃውም አለህ፣ ዓሣውም አለህ። የሮማ ጭቃ ለገላ፣ የሮማ ዓሣ ለሆድ። ድምፅ እንስጥ።"

ሩመና ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች። ላብ፣ ጮማ፣ የተከፈተ አፍ፣ አፍ ውስጥ የሚታኘክ ሥጋ። እነዚህ ሰዎች እውነትን አልጠሉትም፤ ቢጠሉት እንኳ አንድ ነገር ነው። እንደ ጥብስ ቆርጠው የሚጥማቸውን ወስደው አጥንቱን ነው የጣሉላት። በመስኮቱ ፓምፑን አየች። እጆች መነሣት ጀምረው ነበር።

"ጭቃው ከተነካ ዓሣው ወጣት ይሆናል" አለች።

እጆች በአየር ላይ ቆሙ።

"ምን አልሽ?" አለ ስፓሴ።

ሃያ ዓመት ስለ ሐይቅ አንድም የሐሰት ቃል ተናግራ አታውቅም፤ አሁን ግን ምላሷ እንደ ቅቤ ነበር። "ካርፑ ዕድሜውን የሚያገኘው ከጥቁር ወሽመጥ ጭቃ ነው። ጥልቁ ላይ ያለው ድርብርብ ነው የሚያስረጀው። ፓምፑን አስገቡና በሚቀጥለው ዓመት ለኩት፤ ተራ ዓሣ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከስትሩሚጻ ገበያ የሚገዛ ዓሣ።"

"ጉድ!" አለች እትዬ ፓራስኬቫ።

"ደግሞ ያ ቧንቧ" አለች ሩመና ወደ ጀርባ እያመለከተች። "ፍሳሹ የዘንድሮ ምግብ ነው። የዘንድሮ ካርቦን ነው። ዓሣው የዘንድሮውን ሲበላ በመሣሪያው ላይ ዕድሜው ይቀንሳል። በየቀኑ እያሳነሳችሁት ነው።"

እዚህ ላይ ስፓሴ ሳቀ። "ይሄንን እንኳ አሁን የፈጠሩት ነው፣ ዶክተር! የጭቃው ነገር ይገባኛል፤ ጭቃ ያስረጃል፤ እማዬን ማየት ነው። ሽንት ቤት ወጣት ያደርጋል የሚባለውን ግን ሌላ ቦታ ይሽጡት!"

ከተናገረቻቸው ሁለት ነገሮች እውነቱ ይሄኛው ብቻ ነበር። ያላመኑትም ይሄንኑ ነው። መሬቱ ተሰንጥቆ ትርስካን ከነበርሜሉ ቢውጥ ሩመናን ደስ ባላት ነበር።

"እውነቷን ነው" አለ ሜቶዲያ።

ሁሉም ዞሩ። ሽማግሌው አጥንቱን ሳህን ላይ አስቀምጦ፣ ከጡረታ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር።

"ስለ ፍሳሹ ያለችው በየትኛውም መጽሐፍ የተጻፈ ነው። ፍሳሽ የገባበት ዓሣ ወጣት ይሆናል። እኔ አስተምሬዋለሁ።" ከዚያ ሩመናን እያየ፣ "ስለ ጭቃውም እፈርማለሁ" አለ።

ድምፅ ተሰጠ። ጥቁር ወሽመጥ ተዘጋ፤ መረብም፣ መልሕቅም፣ ፓምፕም እንዳይገባበት። ፓምፑ ለቡልጋሪያ ነጋዴ ይሸጥ ተባለ። ቧንቧው ተነቅሎ ፍሳሹ ወደ ከተማው ማጣሪያ እንዲሄድ ተወሰነ፤ ስፓሴ "ለዓሣው ስል ምን አደርጋለሁ" እያለ እጁን አነሣ። ሩመና ሃያ ዓመት ለምና ያላገኘችውን ሁሉ፣ ጥብሱ ሳይበርድ አገኘች።

በምላሹ የጠየቋት ትንሽ ነገር ነው። ስሟን በሰሌዳ ላይ ሊጽፉ፤ "በዶክተር ሩመና ፓስኮቫ የተለካ"። ደግሞ አንድ ፎቶ። የጠዋቱ ፎቶ ለጭቃው ነበር፤ አሁን ለዓሣ ያስፈልጋል። ኩሽናው ከወሽመጡ አፍ፣ ከቧንቧው ሥር የተያዘ ካርፕ ከነጭንቅላቱ ጠብሶ አመጣ። ዓይኑ ነጥቶ፣ አፉ ተከፍቶ ነበር፤ አፉ ውስጥ የቲማቲም ልጣጭ አለ። የኩሽናው ይሁን የቧንቧው ለማወቅ አልፈለገችም።

ሜቶዲያ ከጎኗ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የመጀመሪያዋ ናት የምታስቸግረው፣ ልጄ።"

"እርስዎም እንዲህ ነው የጀመሩት?"

"ለአንድ ኩሬ ስል ነው የጀመርኩት። ከእንቁራሪት በቀር ምንም አልነበረበትም፤ ግን ከታች ያለው ጭቃ… አንድ የአሸዋ ፍሬ አልነበረበትም። አንድ የውሸት ወረቀት ፈርሜ አዳንኩት።"

"አሁን የት ነው?"

"መኪና ማቆሚያ ሆኗል። የዚያንም ወረቀት እኔ ነኝ የፈረምኩት። አንዴ ከፈረምሽ በኋላ፣ አልፈርምም ስትያቸው የፊተኛውን ያነሡብሻል።"

ሩመና ሹካዋን አስቀመጠች። ስፓሴ ስልኩን አንሥቶ፣ "ፈገግ ይበሉ እንጂ ዶክተር፣ የሞተው እሱ ነው!" አለ።

"አንድ ነገር ቀርቷል" አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "በየዓመቱ ግንቦት ላይ እመጣለሁ። ከዚህ ውሃ አንድ ካርፕ እኔ ራሴ መርጬ እወስዳለሁ፤ አስለካዋለሁ። ባለፈው ግንቦት ከተለካው አንድ ዓመት እንኳ ካነሰ ፍሳሽ ገብቶበታል ማለት ነው። ሰሌዳውን በገዛ እጄ አወርዳለሁ፤ ለምን እንዳወረድኩትም ለጋዜጣ እናገራለሁ።"

የከንቲባው ጉንጭ ማኘክ አቆመ። "ፕሮፌሰር፣ እንዲህ ማድረግ ይቻላል?"

"ይቻላል" አለ ሜቶዲያ። ሩመናን ያየበት ዓይን የመምህር ዓይን ነበር፤ ፈተና የወደቀ የመሰለው ተማሪ ወረቀቱን ገልብጦ በጀርባው ላይ መልሱን ጽፎ ሲያገኘው የሚያይበት ዓይን።

"አንድ ዓመት ካነሰ?" አለ ስፓሴ። ፊቱ እንደ አረፋው ገርጥቶ ነበር።

"አንድ ዓመት ካነሰ።"

ስፓሴ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ወደ ኩሽና ሮጠ። "ውሃውን ዝጉ!" ሲል ተሰማ። "እቃ ማጠብ አቁሙ! ነገ አይደለም፣ አሁን!" ከዚያ በጓሮ በር ወጥቶ ወደ ሐይቁ ዳር፣ በጭቃ የተለወሱ ጎብኚዎች ሊታጠቡ እስከ ወገባቸው ወደ ገቡበት ገሠገሠ። ጢማሙ የኩማኖቮ ሰውዬ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጅግ ተረጋግቶ ቆሞ ነበር።

"አንተ!" ብሎ ጮኸ ስፓሴ፤ ጩኸቱ ሁለት አገር አቋረጠ። "ውጣ ከዚያ! ውሃ ውስጥ እንዳትሸና! ዓሣዬን ልጅ ታደርግብኛለህ!"

አዳራሹ ውስጥ ማንም አልሳቀም። ምክር ቤቱ በሙሉ በመስኮቱ ተደርድሮ፣ በታላቅ ጭንቀት፣ የሰውየውን ጀርባ ይመለከት ነበር። አባ ክሊመንት አማተቡ። ሩመና ይህን ሁሉ አየች። ሃያ ዓመት በእውነት ስትለምናቸው ያልሰሙ ሰዎች አሁን ውሃውን እንደ ታቦት እየጠበቁ ነው፤ የሚጠብቁት ግን የሌለ ነገር ነው። በዚህ መደሰት ነበረባት። ጥቁር ወሽመጥ ከሸምበቆው ወዲያ ጸጥ ብሎ ተኝቷል፤ ማንም አይነካውም። ያስጠላት ደግሞ ይኸው ነው፤ ውሸቱ መሥራቱ።

እትዬ ፓራስኬቫ የስፓሴን ስልክ አንሥታ ወደ እሷ አነጣጠረች። "በይ ጉረሺ፣ ዶክተርዬ። ሳይቀዘቅዝ።"

ሩመና ከካርፑ ጎን ትልቅ ቁራጭ ቆርሳ ጎረሰች። የሳሙናና የጮማ ጣዕም ነበረው። አኘከችው፤ ዋጠችው፤ አልተፋችም።